ጥይቷ ጉልበቷን የት ጣለችው?

ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ ነው የያዙኝ። በምርጫው ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኜ ስለነበር አልገረመኝም። የወሰዱኝ ጣቢያ ካዛንቺስ ውስጥ ነው፤ ከቤቴ በእግር ይደረሳል። ሴቶች የታሰሩበት ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማስቀመጫ ሳይሆን አይቀርም፣ ግድግዳው ጎማ ጎማ ይሸታል። መስኮት የለውም። ከበሩ በላይ ባለው ክፍተት የምትገባው ብርሃን የተኙት ሴቶች እግር ላይ ታርፋለች። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፣ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም።

አጠገቤ የነበረችው ልጅ ኦሎምፒያ ካፌ ውስጥ ካሸር ናት። የምትተኛው በሆዷ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሹራቧን ገልጣ ጀርባዋን አሳየችኝ። የሲኒ አፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሯል፤ መሃሉ ላይ ቆዳዋ ተልጧል።

«ቲቸር፣ ፊዚክስ ነው አይደል የምታስተምሪው?»

«አዎ።»

«ጥይት ነው የመታኝ። ግን አልገባም፣ ሹራቤ ውስጥ ተጠልፎ ቀረ። በእጄ ይዤው ነበር፣ ያቃጥላል። ስመዘገብ ወሰዱብኝ። ለምንድን ነው ያልገባው?»

ከታሰርኩ ወዲህ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ክፍል ውስጥ እንደማወራው አድርጌ አስረዳኋት። የሚሮጥ ነገር ጉልበት ይዞ ነው የሚሮጠው፤ ሲቆም ጉልበቱ አይጠፋም፣ ይለወጣል። ከፊሉ ሙቀት ይሆናል፣ ከፊሉ ድምፅ፣ የቀረው ያገኘውን ይሰብራል፣ ይቀድዳል። ፍጥነቱ ግማሽ ከሆነ ጉልበቱ ሩብ ብቻ ነው የሚቀረው አልኳት።

«እና አንቺ ጋ ስትደርስ ጥይቷ ደክማ ነበር።»

«የት ደከመች?»

«ቀድማ የመታችው ነገር ላይ።»

ሹራቧን ወደ ታች ሳበችው።

«ከኋላዬ እኮ ግድግዳ የለም» አለች። «ላንቻ፣ መንገዱ መሃል ላይ ነበርን። ከኋላዬ ወንድሜ ነው የነበረው። ትከሻዬን ይዞ ሩጪ እያለ ይገፋኝ ነበር።»

ምን እንዳልኳት የገባኝ ያኔ ነው። የያዟት ፖሊሶች ወንድምሽ አምልጧል ብለዋታል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያንን ይዛ ነው የቆየችው።

«አስፋልት ላይ ነጥራም ሊሆን ይችላል» አልኩ። «ማለቴ፣ ጥይት ይነጥራል።»

«ለተማሪዎችሽ እንደዚህ ነው የምትነግሪያቸው?»

«እውነቴን ነው፣ ይነጥራል።»

«እሺ ይንጠር። እጁ ለምን ለቀቀኝ ታዲያ?»

«ቢመታም መመታት መሞት አይደለም።»

እጇን ወደ ኋላ መልሳ የጠቆረውን ቦታ ነካች። በግራ በኩል ነው፣ ከትከሻ አጥንቷ ዝቅ ብሎ፣ በልብ ትይዩ።

«ቁመታችን እኩል ነው» አለች።



ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ እማማ የምንላቸው ሴት ጥግ ላይ ሆነው ሰምተው ኖሯል። ተነሱ። ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ለበሱ። አንድ ፍራሽ መሃል ላይ አነጠፉና ልጅቷን ደግፈው አስቀመጧት። ለእኛ ምንም አላሉንም። እኛም በግድግዳው ዙሪያ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥን። ጮኾ ማልቀስ ያስቀጣል፤ ጮኾ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። በየተራ እየተጠጋን «እግዜር ያጽናሽ» አልናት። ለእያንዳንዳችን አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። እኔ ተራዬ ሲደርስ እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ዘበኛው በሩን ከፈተ።

«ሽንት ቤት፣ ተነሱ።»

የተነሳ ሰው የለም።

«ምንድን ነው?»

«ለቅሶ ላይ ነን፣ ልጄ» አሉ እማማ።

«ማን ሞቶ?»

«እሱን እናንተ ናችሁ የምታውቁት።»

በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተን። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀስ ብሎ በሩን መልሶ ዘጋው። የዚያን ቀን ሽንት ቤት ሳንወጣ ዋልን።

እኔ ከልጅቷ ቀድሜ ተፈታሁ። ላንቻ ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። እናቷ ጥቁር ለብሰዋል። ልጃቸውን ቀብረዋል፤ ለእህቱ ግን ስትፈታ በወጉ መርዶ ሊነግሯት ደብቀው ይዘውታል። እንዳወቀች ነገርኳቸው።

«ማን ነገራት?»

«ከእኔ ጋር ስናወራ ነው፣ ራሷ ደረሰችበት።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«አይ፣ እናቴ። ለቅሶ ተቀምጠንላታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የምቀመጥበትን ቦታ አሳዩኝ።

አሁንም ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ጥይት የሚጠይቅ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ለምን እንደጠየቀኝ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፊልም አይቶ ነው።