ድንቹ መሃል የወደቀው መጋረጃ

ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄጄ፣ ከሻይ ሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ መመለስ አስጠልቶኝ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ የተከፈተ የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ገባሁ። ግድግዳው ሁሉ ጓሮ ነው። ጎመን፣ ጌሾ፣ የዘመመ አጥር፣ የተደፋ ባልዲ። ሠርግ የለ፣ ተራራ የለ። አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ ለጓደኛው፣ "ሰው እንኳን የለበትም እኮ! ይሄ ምኑ ፎቶ ነው?" አለው። ልስቅ ስል ከፊቱ ያለውን ፎቶ አየሁት። ሳቄ እዚያው ቀረ። የእናቴ ጓሮ ነው።

ፎቶው ሲነሳ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እንጅባራ፣ እኛ እስከ ዛሬ ኮሶበር የምንላት ከተማ፣ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የፎቶ ቤቱ ኩራት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚዘረጋ፣ በቀለም የተሳለ መጋረጃ ነው፤ ቀይ ጽጌረዳ፣ ሽቅብ የሚረጭ ውሃ፣ ነጭ አግዳሚ ወንበር። ከዘንገናም ከዳንግላም የመጣ ሙሽራ ሁሉ እሱ ፊት ቆሞ ተነስቷል። እንዲያ ያለ የአትክልት ቦታ ማንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ የሳለውም ሰውዬ ያየ አይመስለኝም። ለእኔ ግን የአትክልት ቦታ ማለት እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጋሽ ኃይሉ የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ ፎቶ አንሺ ከአዲስ አበባ መጡ። የካሜራቸውን ባትሪ ሊሞሉ ፎቶ ቤታችን ገብተው ሲያጫውቱኝ፣ የሚያነሱት ጓሮ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ።

"የምን ጓሮ ጋሼ?"

"የሰው ጓሮ ነዋ። ጎመኑ፣ ድንቹ።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጤነኛም አልመሰሉኝ። ግን ወዲያው አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። እናቴ በዕድሜዋ ፎቶ ተነስታ አታውቅም፤ ጓሮዋ ደግሞ ሊነቀል ነው። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ እየተከለ ነበር። ጤፍ የምናውቅበት ማሳ ሁሉ ጫካ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ አያ ሙሉቀን ችግኙን አምጥቶ አጥሩ ሥር ደርድሮታል፤ እናቴም "ምን አለው፣ ጓሮ ነው፣ ንቀሉት" ብላለች። ካለች ወዲህ ግን እህል አልወርድ ብሏታል። ስለዚህ ለጋሽ ኃይሉ፣ "ጓሮ ላሳይዎት፣ እርስዎ ደግሞ እናቴን ያንሱልኝ" አልኳቸው። ተስማሙ።

እናቴን ታዲያ ጎመን መሃል ላስነሳት ነው? ሞቼ ነው! መጋረጃውን አስፈቅጄ ከነቀርከሃው ጠቀለልኩና ከጋሽ ኃይሉ ጋር ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ጫፉ በመስኮት ወጥቶ መንገደኛውን ሊወጋ ይላል። ረዳቱ፣ "እህቴ፣ ሙሽራው ወንበር ይያዝለት ወይስ ታቅፊዋለሽ?" እያለ ሲያስቅብኝ ሐይቁ ዳር ያለችው የእናቴ መንደር ዘንገና ደረስን።

እናቴ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቅርባ ጠበቀችን። የክት ቀሚሷን ለብሳ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታለች። ጭጋጉ ግቢውን ውጦት አጥሩ እንኳን አይታይም። መጋረጃውን ጓሮው መሃል በሁለት ቀርከሃ ወጥሬ አቆምኩት። ጋሽ ኃይሉ አልሳቁብኝም፤ ካሜራቸውን አወጡ። እናቴን ጽጌረዳው ፊት አስቀመጥኳት።

"እማ፣ ቀና በይ! ፈገግ!"

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ የማን አበባ ነው?" አለችኝ ወደ ኋላ እየዞረች።

"የማንም አይደለም፤ ለፎቶ ነው።"

"የማንም ካልሆነ ፊቱ ምን ጎለተኝ?"

ይህን እንዳለች ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ። ቀርከሃው ተነቀለና መጋረጃው ድንቹ ላይ ተዘረረ። እናቴ "ወየው፣ የሰው ዕቃ!" ብላ ዘላ ጫፉን ያዘች። ወዲያው ጭጋጉ ተገፈፈ፣ ፀሐይ ገባች።

ወይ ጉድ! እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ጤና አዳም ቀጥፌበታለሁ፣ ተደብቄበታለሁ፣ ተገርፌበታለሁ። አይቼው ግን አላውቅም። የጎመኑ ቅጠል ሁሉ ውሃ ቋጥሮ ያበራል። ድንቹ ነጭና ሐምራዊ አብቧል። የሱፍ አበባው ከአጥሩ በላይ አንገቱን አውጥቷል፤ ዱባው የጎጆውን ክዳን ወጥቶ ጨርሷል። ከአጥሩ ወዲያ ዲከረንሱ ዙሪያውን ጠቁሮ ቆሟል፤ ብርሃኑ ያረፈው የእናቴ እጅ የነካው መሬት ላይ ብቻ ነው። ሳላስበው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ነጠላዬን አጣፋሁ።

ካሜራው አንዴ ቀጭ አለ። ጋሽ ኃይሉ ጀርባው ላይ ፎቶው የወጣባትን ትንሽ መስታወት ለእናቴ አሳዩዋት። አየች፣ አየች፣ በአዊኛ ለራሷ አንድ ነገር አጉተመተመች።

"ይሄ የኔ ነው?"

"የእርስዎ ነው" አሏት።

ቀና ብላ ወንድሜን ጠራችው። "ሙሉዬ፣ ችግኝህን ከአጥሬ ሥር አንሳልኝ።"

"እንዴ እማ! እሺ ብለሽ አልነበር?"

"ሳላየው ነዋ እሺ ያልኩት!"

ኤግዚቢሽኑ ውስጥ ጎረምሳው ገና አልሄደም። "ሰውማ አለበት" አልኩትና የፎቶውን ጥግ አሳየሁት። ጽጌረዳ የተሳለበት ጨርቅ ድንቹ ላይ ተጋድሟል፤ ጫፉን ጨብጠው የያዙ፣ ጭቃ የነካቸው ጣቶች ይታያሉ። "እናቴ ናት" አልኩት። ጠጋ ብሎ አየና ጓደኛውንም ጎትቶ አሳየው።

ወጥቼ ደወልኩላት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"እማ፣ ፎቶሽ ባሕር ዳር ተሰቅሏል፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል!"

"የኔ ነው ወይስ የጓሮው?"

"የሁለታችሁም።"

"ይሁን። ድንቹ ደርሷል፤ ቅዳሜ መጥተሽ አውጭልኝ።"

ሰው የራሱን ነገር ሳያየው ስንት ዘመን ይኖራል እያልኩ ቅዳሜ ሄድኩ። እናቴ ዶማውን ይዛ "ምን ቆምሽ?" እስክትለኝ ድረስ፣ የጓሮው በር ላይ ቆሜ አየሁት።