ሐኪሟ የሞተችበት ቅጽ

የምከታተለው ልብ ወለድ ስምንተኛ ቅጽ እጄ የገባው በውጊያው ምክንያት ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ በነበረበት ሰሞን ነው። ብቸና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። መጽሐፉን ያመጣልኝ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ የተመለሰ ባልደረባዬ ነው። እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ፣ ከመወፈሩ የተነሳ ሦስት ቦታ ከፍሎ አስጠርዞ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ይኼ ሁሉ ስለ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ስለ ሙታን።»

«እሱማ እዚህም አለ» ብሎኝ ሄደ።

ተከታታዩን ያስጀመረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። ጎንደር አዋላጅነት ስትማር የመጀመሪያውን ቅጽ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ አግኝታ ለክረምት ዕረፍት ይዛው መጣች። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ከሦስት ቃል አንዱን ብረዳ ነው። ፀሐይ ከዓመት ዓመት እየደከመች የምትሄድበት አገር ታሪክ ነው። ሙታን ከጉድጓድ ውሃ ውስጥ የዘመዶቻቸውን ስም ይጠራሉ፤ «አቤት» ያለ ሰው ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። በዚያ አገር አንዲት አንካሳ ሐኪም አለች። በበቅሎ ከመንደር መንደር እየዞረች ቁስል ትሰፋለች፣ ታዋልዳለች። እታለም ነገሥታቱና ሠራዊታቸው ግድ አይሰጧትም ነበር፤ ገጽ እየዘለለች ሐኪሟን ነበር የምትፈልገው። «እሷ እስካለች አገሩ አለ» ትለኝ ነበር።

ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት። በእርሳስ ጠርዙ ላይ የመሰላትን እየጻፈች ትጨርስና ወደ እኔ ይመጣል። ሞጣ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ተመድባ ማዋለድ ከጀመረች በኋላም በሚኒባስ ሹፌር እጅ ትልክልኝ ነበር። ስምንተኛው ሲደርሰኝ ግን የሞጣ መንገድ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል። ስልክም የለም። አንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጀመርኩት።

ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ፤ ዘበኛው ያስገቡኛል፤ ባዶው የመምህራን ክፍል ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። እውነቱን ለመናገር ቅጹ የደከመ ነው። ደራሲው ራሱ የሰለቸው ይመስላል። ቀድሞ አንድ ሞት ሃያ ገጽ ይወስድበት ነበር፤ አሁን በአንድ ገጽ አምስት ሰው ይሞትና ቀጣዩ ምዕራፍ ይጀምራል። አንዳንድ ቀን ከከተማው ዳር ተኩስ ሲሰማ ዘበኛው በበሩ ብቅ ብለው «ከመስኮቱ ራቂ፣ ልጄ» ይሉኛል። ወንበሬን ወደ ግድግዳው ስቤ እቀጥላለሁ። ለምን እንደማላቆም አላውቅም። ሐኪሟ ገና በሕይወት ስላለች ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጥራዝ መሃል ላይ ሞተች። ምጥ ወደያዛት ሴት እየሄደች ድልድይ ላይ ቀስት መታት። ሦስት መስመር ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ የአንድ ንጉሥ ግብዣ ነው። ሌላ ሰው መስሎኝ ተመልሼ አነበብኩት። አላለቀስኩም። መጀመሪያ የመጣብኝ፣ ለእታለም እንዴት ብዬ ነው የምነግራት የሚለው ነው።

መንገዱ እንደተከፈተ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን አንድ ኬላ ላይ አስወረዱን። ጠመንጃ ያነገተ ሰውዬ ቦርሳዬን ፈትሾ ሦስቱን ጥራዝ አወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ልብ ወለድ ነው። ተረት በለው።»

«በእንግሊዝኛ?»

«መምህርት ነኝ።»

ገጾቹን ቀስ እያለ ገለጠ። የሚያነበው አልመሰለኝም። «መጨረሻው ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ገና አላለቀም።»

መልሶ ሰጠኝ።

ሞጣ ስደርስ እሑድ ነበር። እታለም በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስታ፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የሰው ቀሚስ መስሏል። ተቃቅፈን ቆየን። ምሳ በላን፤ ብዙ አልበላችም። እጃችንን ከታጠብን በኋላ መጽሐፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አየችው እንጂ አልነካችውም።

«አነበብሽው?»

«አዎ። መንገዱ ሲዘጋብኝ...»

«እንኳን አነበብሽው። እኔ ጊዜም የለኝ። ሐኪሟስ?»

መጽሐፉን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ሞተች?»

«ሞተች።» የሆነውን ነገርኳት፤ ድልድዩን፣ ቀስቱን፣ ምጥ ወደያዛት ሴት እየሄደች እንደነበር።

«ሴትዮዋስ?» አለች።

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«ምጥ የያዛት ነቻ!»

ያን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለዚያች ሴት አንዴም አላሰብኩም። «አልተጻፈም» አልኳት።

«እስቲ አምጪው።»

ቦታውን አሳየኋት። አነበበችው። ከዚያ ቀጣዩን ምዕራፍ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ጥራዝ አንስታ በጣቷ መስመር እየተከተለች ፈለገች። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይፈጅባት አልቀረም። ልረዳት ስል እጄን ገፋችው። በመጨረሻ ዘጋችው።

«ሴትዮዋን ረስቷታል» አለች።

ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። «ባለፈው ወር አንዲት ሴት በቃሬዛ አመጡ። ሁለት ቀን አምጣለች። አምቡላንሱ መንቀሳቀስ ስላልቻለ ወንዶቹ በትከሻቸው ነው የተሸከሟት። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ እሷ ደም ፈሰሳት፤ ደም የሚያቆመው መርፌ ካለቀ ሰንብቷል። ሆዷን በእጄ ስጫን፣ ስጫን፣ ‹እህቴ፣ ልጄን ለእናቴ ስጪልኝ› አለችኝ። መሞቱን አልነገርኳትም። ‹እሺ› ነው ያልኳት። ስትሞት እናቷ ውጭ ተቀምጣ ነበር። ምን ልስጣት?»

አለቀሰች። አባታችን የሞተ ጊዜ እንኳ ስታጽናናን ነው የማውቃት። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አድርጌ ያዝኳት።

በማግሥቱ ልመለስ ስነሳ «ውሰጂው፣ አላነበውም» አለችኝ። «አንቺ ዘንድ ይሁን» ብዬ ተውኩት። ያዘነችበትን መጽሐፍ ቤቷ መተዌ ደግ አልነበረም። ግን በዚያ ኬላ ይዤው እንደገና ማለፍ ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ተረኛ ስለነበረች ጤና ጣቢያው ድረስ ሄጄ በኮሪደሩ ጠበቅኳት። ክፍሏ ስታስገባኝ ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር አየሁ፤ የላይኛው በእሷ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ገልብጬ ሳየው የመጽሐፉ ገጽ ነው። ባልደረባዬ በአንድ ወገን ብቻ ስላሳተመው የሁሉም ጀርባ ባዶ ነበር።

«የመመዝገቢያ ቅጽ አልቆብን ነው» አለች፣ ማየቴን አይታ። «ተቆጣሽ?»

«አይ» አልኩ። ለአፍታ ተቆጥቼ ነበር።

ወረቀቶቹን አገላበጥኩ። የእናት ዕድሜ፣ የመጣችበት ሰዓት፣ የደም ግፊት። ከሥር «ወንድ፣ ሕያው»። ሌላው ላይ «ሴት፣ ሕያው»። ሌላው ላይ የመጨረሻው መስመር ባዶ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ሐኪሟ ያለችበት ገጽስ?»

«አልለየሁትም። እንደ መጣ ነው የምጽፍበት።»

ከውስጥ ተጠራች። ስትመለስ ከቀትር በኋላ ሆኗል፤ ፊቷን አይቼ ወረቀቶቹን መልሼ ደረደርኩ። ወደ ቤት ስንሄድ ራሷ ነገረችኝ፤ እናቲቱ ተርፋለች፣ ሕፃኑ አልተረፈም። ጉሊት ላይ ሽንኩርት ገዝተን ገባን። ዘጠነኛው ቅጽ ወጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለእሷ ግን አላነሳሁላትም።