ጋሽ ሽኩር የጠገኑት ፍሪጅ

በደርግ ጊዜ እኛ ሰፈር፣ ሰባተኛ ላይ፣ ሀብታም መሆን ቀርቶ መምሰሉም ያሳስር ነበር። ጎረቤቴ ጋሽ ሽኩር ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ሚስማርና ማጠፊያ ሸጠው ደህና ያገኛሉ፤ ሱቅ የሚከፍቱት ግን የተጣፈ ኮት ለብሰው ነው። ያያቸውን ሁሉ አንጀቱን ይበሉታል። እኔ ግን አጥር ስለምንጋራ የሚጠበሰው ሥጋ ሽታ ይደርሰኛል።

አንድ ቀን ፍሪጃቸው ተበላሸ። ባለቤታቸው እትዬ ጠሂራ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የሚወጉት መድኃኒት ካልቀዘቀዘ አይሆንም። ሠሪው ከፍቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል። ይሄን ማሠራት ገንዘብ መድፋት ነው፤ አዲስ ይግዙ» አላቸው።

«አዲስ? ቀበሌ ምን ይለኛል?»

«መድኃኒቴን ቀበሌ ነው የሚያቀዘቅዝልኝ?» ብለው ጮኹባቸው እትዬ ጠሂራ።

ገዙ። በኮንትሮባንድ የመጣ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ፍሪጅ በጆንያ ተሸፍኖ በጓሮ ገባ። ጋሽ ሽኩር ወዲያው መዶሻ አነሡ። ጎኑን ቀጥቅጠው አጎደጎዱት፣ የአሮጌውን እጀታ ነቅለው ገጠሙበት፣ ከበር የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ለቀለቁት። እትዬ ጠሂራ አለቀሱ። በአጥሩ ቀዳዳ የማየው እኔም ከልቤ አዘንኩ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ውብሸት ወሬ ሰምቶ መጣ።

«አዲስ ፍሪጅ ገዙ አሉ፣ ጋሽ ሽኩር?»

«ኧረ ወላሂ! ያው አሮጌው ነው፤ በገዛ እጄ ጠግኜው ነው።»

ጓድ ውብሸት ከፍሪጁ ውሃ አስቀድቶ ቢጠጣ ጥርሱን ጠዘጠዘው።

«በራስ መተማመን ማለት ይሄ ነው!» አለ። «የቀበሌ ክበባችን ፍሪጅ ከሞተ ቆየ፤ ጓዶች ትኩስ ቢራ እየጠጡ ተቸግረዋል። ይሄኛው ሰፊውን ሕዝብ ያገልግል። እርስዎ እጅዎ ወርቅ ነው፤ የእኛን ወስደው ይጠግኑ።»

አዲስ ነው ቢሉ ወህኒ፣ ዝም ቢሉ ፍሪጁ ሊሄድ ነው። ሲጫን አጨበጨቡ።

በምትኩ የመጣው ፍሪጅ ጭራሽ ሞተር አልነበረውም። ጓድ ውብሸት ደግ ሰው ነውና የእትዬ ጠሂራ መድኃኒት እዚያው ክበቡ ከቢራው መሃል እንዲቀመጥ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሽኩር ጠዋት ሰግደው እንደወጡ በቀጥታ ክበቡ ቢራ ቤት ይገባሉ፤ ኮታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሸጉጠው እየተጣደፉ ይወጣሉ።

አንድ ጠዋት ከመስጊድ አብሯቸው የወጣው ሙህዲን ይህን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ምስኪን ሽኩር! ድህነቱ መጠጥ አስጀመረው» አለኝ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከእውነቱ ሐሜቱ ይሻላቸዋል።