ሳልጽፍ ያነበብኩት መስመር

ኮምፒዩተር ሲበላሽ ሰው ሁሉ የሚጠራው እኔን ነው። ጅጅጋ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ቴክኒሻን አይደለሁም። ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ስክሪን ሲጠቁር «እሷን ጥሯት» ነው የሚባለው፤ ሄጄም አፍሬ ተመልሼ አላውቅም። ስለዚህ አባዬ «ይቺን ኮምፒዩተር አንድ ነገር አድርጊልኝ» ሲለኝ «ይቺማ የግማሽ ቀን ሥራ ናት!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በታይፒስትነት ያገለገለ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛ። ኮሮና ካለፈ በኋላ ግን የስኳር ሕመሙ ዓይኑን ነካበትና ፊደል በጣም ካልገዘፈለት አያይም። ማጉያ ፕሮግራም ጫንኩለት። ማጉያውና የጽሑፍ ፕሮግራሙ አብረው ሲከፈቱ ግን ኮምፒዩተሩ ድርቅ ይላል። አባዬ አንድ ፊደል ይመታል፤ ምንም የለም። ደግሞ ይመታል፤ አሁንም ይመታል። ቆይቶ ሦስቱም ተደርድረው ይመጣሉ። «ይኼ ነገር ይቀልድብኛል እንዴ?» ይላል።

የቸኮለው ለደብዳቤ ነበር፤ ለታላቅ ወንድሙ። አጎቴ ከባቡር ሥራ ጡረታ ወጥተው አይሻ በምትባል የባቡር ጣቢያ ከተማ ነው የሚኖሩት። አያቴ የሞተች ጊዜ ለቀብር አልደረሱም፤ በሣልስቱ መጡ። አባዬ ድንኳን ውስጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ለቅሶ ልትደርስ ነው ወይስ ንፍሮ ልትበላ ነው የመጣኸው?» አላቸው። አጎቴ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። እንዳይደዋወሉ የአጎቴ ጆሮ ደክሟል፤ «ሃሎ? ማነው? አይሰማም!» ይሉና ይዘጉታል። አንዱ ማየት፣ አንዱ መስማት አቅቷቸው የቀራቸው ደብዳቤ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ አባዬ እየነገረኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰላምታውን ጻፍኩ፤ የጤናውን ጥያቄ ጻፍኩ። ቀጥሎ «ድንኳን ውስጥ የተናገርኩህ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አለኝ። እሱን አልጻፍኩም። ንድድ ነዋ ያለኝ! የእናታቸው ቀብር ላይ ያልተገኙት እሳቸው፣ ይቅርታ የሚለምነው የእኔ አባት? ዘለልኩት። «እስቲ አንብቢልኝ» ሲለኝ ግን ይቅርታውን ጨምሬ፣ ድምፄን ሳላዛንፍ አነበብኩለት። ማጉያው ካልተከፈተ እሱ የሚያየው ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። «ጥሩ ነው» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ። አትሜ ወደ አይሻ በሚሄድ ሾፌር ላክሁት።

አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ መልስ የለም። አባዬ ከሰው ጋር መጫወት ተወ። ሬዲዮኑን እንኳ መክፈት ተወ። «ይቅርታዬን አልፈለገውም» አለኝ አንድ ቀን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። እኔም በሆዴ «ይኸው፣ ሰውዬው እንዲህ ናቸው አላልኩም?» አልኩ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ጥፋቴንም በሰው ላይ ለማላከክ ጊዜ አይፈጅብኝም። በነጋታው ጠዋት አባዬ ተነሳና «በገዛ እጄ ደግሜ እጽፍለታለሁ፤ በቁሜ ሳላናግረው አልሞትም» አለ። ኮምፒዩተሩን አንድ ነገር አድርጊልኝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ችግሩ ገብቶኛል። ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ እንዲሸከም የሚያደርገው ራም የሚባለው ነው፤ የአባዬ ደግሞ ያለው አንድ ጊጋ ብቻ ነው። ወደ ገበያ ሄድኩ። ከድንበሩ ከተማ ከውጫሌ በኩል የገባ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ። «አሮጌውን አምጥተሻል?» አለኝ። «ምን ያደርግልኛል? አውቀዋለሁ» አልኩት። ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀና ያልኩትን ሰጠኝ።

ቤት መጥቼ ሽፋኑን ስከፍተው፣ ወይ ጉድ! የጅጅጋ ንፋስ ያመጣው አቧራ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው የከተመው። ጠራረግኩና አዲሱን ራም ባስገባ እምቢ፤ የጎኑ ስንጥቅ ከቦታው ጋር አይገጥምም። የተሳሳተ ዓይነት ነው የገዛሁት። አሮጌውን ነቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ተመለስኩ። እኩለ ቀን ነበርና እንደ ጅጅጋ ልማድ ሱቁ ተዘግቷል፤ ከተማው በሙሉ ተኝቷል። እስከ አስር ሰዓት ጥላ ፈልጌ ቁጭ አልኩ። ነጋዴው መጥቶ ሲከፍት ትክክለኛውን ከመሳቢያው አወጣልኝ፤ ለይቶ አስቀምጦት ኖሯል። «ወላሂ፣ እንደምትመለሺ አውቄ ነበር» አለኝና ሳቀ። ምን እላለሁ? አብሬው ሳቅሁ።

ይኼኛው ቀጭ ብሎ ገባ። ሁለት ፍሬ ነው፣ እያንዳንዱ ባለ ሁለት ጊጋ። ማብሪያውን ስጫነው ግን ስክሪኑ ጥቁር፤ ከውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። አጥፍቼ ባበራውም ያው ነው። አባዬ ከወንበሩ ሆኖ ያዳምጣል።

«ላጲስ አምጪ» አለኝ።

«ላጲስ? አባዬ፣ ይኼ እኮ ደብተር አይደለም!»

«የቢሮአችን ቴክኒሻን ላጲስ ከኪሱ አይለይም ነበር። እንዲህ ሲጮህበት የራሙን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ ይፈትገው ነበር። አምጪ ስልሽ አምጪ።»

ራሞቹን ነቅዬ ሰጠሁት፤ አባዬ ራሱ ነው ያጸዳቸው። ዓይኑ ባያይም ጣቶቹ ዳር ዳሩን እየዳሰሱ አንድ በአንድ ፈተጉት። መልሼ ከተትኩና ማብሪያውን ተጫንኩ። ተነሳ! ማጉያውና የጽሑፍ ፕሮግራሙ አብረው ተከፈቱ፤ እንደ ውሃ ይፈሳል። ከደስታዬ ብዛት የማደርገው ጠፋኝ። «አሁን እይ!» ብዬ ዓይኔ ያረፈበትን የመጀመሪያ ፋይል ከፈትኩለት።

ያው ደብዳቤ ነበር።

አባዬ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ጎንበስ አለ። ፊደሎቹ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ገዝፈዋል። እየቆጠረ አነበበ፤ ሰላምታውን፣ ጤናውን፣ ስንብቱን። ወደ ላይ ተመለሰ። እንደገና ወረደ።

«የት አለ?» አለኝ።

ፋይሉን ልዘጋው እጄን ሰነዘርኩ።

«አንብበሽልኛል እኮ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አልጻፍኩትም አባዬ» አልኩ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ከወንበሩ ተነሽልኝ» አለና ቦታዬን ያዘ። ፊደል በፊደል፣ እየመታ፣ እያየ፣ እያረመ እስኪመሽ ጻፈ። ሲጨርስ «አሁን አንብቢልኝ» አለኝ። በጣቱ ስክሪኑ ላይ እየተከተለኝ አነበብኩ፤ ይቅርታው ላይ ስደርስ ጣቱ ቆሞ ጠበቀኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሾፌር አይወስደውም» አለ፤ «አንቺ ነሽ የምትወስጂው።»

ሄድኩ። ባቢሌ ላይ መኪናው ሲቆም ለአጎቴ ኦቾሎኒ ገዛሁ፤ ባዶ እጄን ከምቀርብ ብዬ። አይሻ የደረስኩት በማግስቱ ነው። አጎቴ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ደብዳቤውን ተቀብለው ሁለቴ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

«አባዬ፣ በገዛ እጁ።»

«ያንን የፊተኛውንስ? ጥፋት እንዳልተሠራ ተደርጎ የተጻፈልኝን?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«ምን?» አሉ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አይሰማም!»

«እኔ ነኝ! እሱ ይቅርታ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ቆሞ አየኝ። የጎረቤት ሴት በመስኮት ብቅ አለች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አጎቴ ደብዳቤውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። «ታዲያ ምን ያስጮህሻል?» አሉኝ። «ግቢ። ልብሴን እስካዘጋጅ ቁጭ በይ፤ አብረን እንሄዳለን።»