ዜናው ካለቀ በኋላ የሚጀመር ኳስ

በመቀሌ የኳስን ሰዓት ያበላሸው ሬዲዮ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ከሸዋ መጥቼ ገበያው ዳር ባለ የልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። እሁድ እሁድ በስምንት ሰዓት ከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ኳስ አለ። ምሳውን የበላ በልቶ፣ ያልበላ ቆሎውን በኪሱ ይዞ ይመጣል። የጎረቤቷ የኲሓ ከተማ ሰዎችም በእግራቸው መጥተው፣ ጮኸው፣ ከኛ ጋር ተሰዳድበው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ይገባሉ። ሰዓት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እሁድ ስምንት ሰዓት ኳስ ነው፣ አለቀ።

የኳሱ አለቃ ነኝ የሚል አንድ ሹም ነበር። ይኸው ሰውዬ ሬዲዮ አስመጣና ድምፅ ማጉያውን ሜዳው ጠርዝ ግንድ ላይ ሰቀለው። ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ ሕዝቡ በዐሥር ሰዓት ተሰብስቦ የአዲስ አበባን ዜና ይሰማል፣ ፊሽካ የሚነፋው ዜናው ሲያልቅ ነው ብሎ አስነገረ። ወይ አበሳ! የኲሓ ሰዎች በጅብ ሰዓት እንዴት ብለን እንመለስ ቢሉት፣ ግማሹን አይታችሁ ሂዱ አላቸው። ግማሽ ኳስ! ለሬዲዮ ሲባል የሰው እግር መከራ ማየት አለበት? እኔም ረገምኩት፤ የኔ ጉዳይ ግን ከኲሓዎቹም የባሰ ነበር።

አንዲት ልጅ ወድጄ ነበር። አባቷ የጨው ነጋዴ ናቸው፤ ኮታቸውን ልታሰፋ ወደኛ ቤት ስትመጣ ነው ያየኋት። የተነጋገርነው ሰላምታ ብቻ ነው። በተሰባበረ ትግርኛዬ «ከመይ ውዒልኪ» ስላት ፈገግ ትላለች። ለኔ ትሳቅ በኔ ትሳቅ ግን አላውቅም ነበር፤ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በአገሩ ዘመድ የለኝም። ዘመዶቼ የኳስ ጓደኞቼ ናቸው፦ የስፌት ቤቱ ጌታዬና ሜዳው ዳር አብረውን የሚቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች። እነሱን አማላጅ አድርጌ ላክሁ። አባትየው አንዴ ከቤተሰብ ልምከር፣ አንዴ እስኪ ላስብበት እያሉ መለሷቸው። በሦስተኛው፣ እሳቸውም የኳስ ሰው ናቸውና፣ የፊታችን እሁድ ከኳስ በኋላ በዐሥር ሰዓት ኑ አሏቸው። ሹሙ አዋጁን ያስነገረው በማግስቱ ነው።

እንግዲህ ጉዱን እዩ። የሽምግልና ቀጠሮ ለኳስ ብሎ ማዛወር ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ «ሰዓቱ ይቀየርልን» ቢሉ ልጄን ናቃችሁ ይባላሉ፤ አባትየውም ቢሉ እንግዳ ገፉ ይባላሉ። ስለዚህ አራቱም አፋቸውን ዘጉ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የአንድ የዓዲግራት ነጋዴ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተሰምቷል። ያን እሁድ ካልሰጡኝ፣ ልጅቷ ሄደች ማለት ነው።

ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እኔም ኮቴን ዘርግቼ የአራት ሰው ቦታ ይዤ ሜዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ዐሥር ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። ሬዲዮው ትንፍሽ አላለም። የመኪና ባትሪ አምጥተው ቀጠሉለት፤ ነካኩት፣ መቱት፣ ለመኑት፣ ወይ ፍንክች! ተጫዋቾቹ ሳሩ ላይ ተጋድመዋል። ኲሓዎቹ ፀሐይዋን እያዩ ሹሙን ይሰድቡታል። ሹሙም ዜናው ሳይነበብ ፊሽካ አይነፋም ብሎ ሙጭጭ አለ። የኔ ልብ ግን እዚያ ቤት ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ሰው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሲሮጡ አየሁ። አባቷ ናቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎቼ ከኋላቸው እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ተጣልተው እያባረሯቸው መሰለኝ። ጌታዬ ደርሰው ትከሻዬን ያዙ።

«ሰጡ» አሉኝ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እንዴት ብዬ ብጠይቃቸው፣ እየሳቁ አወሩኝ። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡምና ሦስቱም ቆመዋል። አባትየው አገሩ አይታወቅ፣ ወገኑ አይታወቅ እያሉ እኔን ያብጠለጥላሉ፤ ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነው። የሽማግሌዎቹም እንደዚያው። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስለሆነ የድምፅ ማጉያው ወሬ አይደርስበትም፤ ኳሱ ይጀመር አይጀመር የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ልጅቷ ስዋ የሚሉትን ጠላ ይዛ ከጓዳ ወጣች። አንገቷን ደፍታ፣ «አቦይ፣ ዜናው አልቋል አሉ» አለች። አባትየው ብድግ አሉ። ሰጥቻለሁ፣ በሉ እንሂድ ብለው፣ ስዋው ሳይቀመስ ሁሉም ወጡ።

ጌታዬ ነገሩን ሳይጨርሱ አባቷ ወደኔ መጡ።

«ስንት ለስንት ናቸው?»

«ገና ነው፣ አቦይ።»

«ዜናው አላለቀም እንዴ?»

«መች ተጀመረና። ሬዲዮው አልናገር ብሎ ይኸው እንደተገተርን ነው» አልኳቸው።

ድምፅ ማጉያውን አዩ። ቤታቸው ወዳለበት ዞረው አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ተታልያለሁና ቃሌን አንስቻለሁ ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? ሽማግሌዎቼም ነገሩ ገብቷቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ዛሬ ከቤት አልወጣች፣ ወደኛ የመጣ ሰው የለ» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለው ራሳቸውን ነቀነቁና ኮቴ ላይ፣ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ስማ፣ እኔማ መች ሰጠሁህ። ራሷን የሰጠችህ እሷው ናት።»

ለካስ ፈገግታዋ ለኔ ነበር! በዚያው ቅጽበት ድምፅ ማጉያው ተንሿሽቶ ከአዲስ አበባ የሚያነበው ሰውዬ ድምፅ ወጣ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ አባቷም ዝም በል ብለው በክርናቸው ጎሰሙኝ። እኔ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ።