ወደ ዞብል የዞረ በር

አናጢው ታረቀኝ አባቱን ወደ ቤቱ ሲያስገባ የፈራው የጉልበቱን ሥራ ነበር። ሽማግሌ ይወድቃል፤ ሽማግሌ ይታመማል፤ ደግፎ ማውጣት ማስገባት ይጠይቃል። ለዚህ በሙያው ተዘጋጀ። አልጋውን ዝቅ አድርጎ ሠራ፣ ጠርዙን በመላጊያ አለሰለሰ፣ ከአልጋው እስከ በሩ የሚያደርስ መያዣ እንጨት ግድግዳው ላይ መታ። አባቱ አያ ይሁኔ ቀኑን ገልብጠው ይኖሩታል ብሎ ግን አላሰበም።

ነገሩ የጀመረው በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ነው፤ መንደር ምሥረታ የሚሉት መጥቶ ከጎሊና ወንዝ ማዶ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ። ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ የሚተርፈውን ሁሉ ጭነው ሮቢት አጠገብ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ በሲባጎ በተለካ መስመር ላይ ተከሉት። ታረቀኝ ወልድያ ከአንድ አናጢ እጅ ሙያ የተማረ ሰው ነውና ከራሱ አልፎ የጎረቤቶቹንም ቤት አቆመ። የሁሉም በር ወደ መንገዱ ነው። ትእዛዙ እንደዚያ ነበር። እሱም አልከፋውም፤ ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል።

አያ ይሁኔ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አያልፉም። አዲሱ ቤት በገቡ በሳምንቱ ጠዋት ሲቀሰቅሷቸው «በዚህ ሌሊት ምን ያባንናችኋል?» እያሉ መከናነብ ጀመሩ። ፀሐይ ወደ ደጋው ስታዘቀዝቅ ደግሞ ይነሳሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። ከዚያ በትራቸውን አንስተው ወደ ማሳቸው መሄድ ነው። ማሳቸው ጎሊና ማዶ ነው።

«አባባ፣ ወዴት ነው?» ትላለች የታረቀኝ ሚስት ታንጉት በሩ ላይ ቆማ።

«ወዴት ይሆናል? ማሽላውን ወፍ ሲጨርሰው ልተኛ?»

«መሽቷል እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ ስንፍናሽን በፀሐይ አታላክኪ።»

በበጋ ቢሆን ሳቅ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ክረምቱ ገብቷል፤ የጎሊና ነገር ደግሞ አይታመንም። ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ይዘንብና፣ ከሰዓት በኋላ ውሃው ግንድ እየገፋ ይደርሳል። አንድ ቀን አያ ይሁኔ እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ ግመል የሚነዱ መንገደኞች ናቸው ይዘው ያወጧቸው።

ታረቀኝ መላ ጠፋው። ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው፤ ድሬሰሩ «እርጅና ነው» ብሎ የቫይታሚን ክኒን ሰጠ። ታንጉት ጠበል አስጠመቀቻቸው፤ መርቀዋት ተመለሱና ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን «እንዴት አደራችሁ?» አሉ። ደግሞ ሌላው ነገራቸው ሁሉ ደህና ነው። የሞቱትን ከነአባታቸው ይጠራሉ፣ የበሬዎቻቸውን መልክ ይናገራሉ። አእምሮ ከሄደ እንዴት በአንድ በኩል ብቻ ይሄዳል? የተሰነጠቀ እንጨት እንኳ ስንጥቁ የት እንደጀመረ ይታያል፤ ይሄ አይታይም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከማሉዲን አብሮ አደጉ ነው። «እሰራቸው» አለው። «ወገባቸውን፣ በለስላሳ ገመድ። ነውር የለውም፣ ነፍስ ማትረፍ ነው። እኔም እናቴን እንደዚያ ሳላደርግ አልቀርም። ዘንድሮ እሷም የማትገባበት ቤት የለም።»

ታረቀኝ ገመዱን ገዛው። ግን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አየው እንጂ አላወረደውም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የአባቱን አልጋ ጠፍር ሊያጠብቅ ገባ። አያ ይሁኔ ደጅ በርጩማ ላይ ነበሩ። ጠፍሩን ወጠረና መጥበቁን ለማየት ጋደም አለ። እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ በበሩ የገባው ፀሐይ ፊቱ ላይ ነው። ብድግ ብሎ መጋዙንና መጥረቢያውን ሰብስቦ ወጣ።

«ነግቶ ዝም ትይኛለሽ?» አለ ታንጉትን። «ቆቦ ሥራ አለብኝ። መኪናው ያልፈኛል።»

«በዚህ በመሸ?»

«ምን መሸ ትላለች» አሉ አያ ይሁኔ ከበርጩማቸው። «ሂድ ልጄ። ከዚህ ቤት ጠዋትን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ታረቀኝ መንገዱ ዳር ደርሶ ቆመ። ፀሐይ የምትወጣበት ዞብል ተራራ ከፊቱ መሆን ነበረበት። ዞሮ ሲያይ ከጀርባው ነው። ጭንቅላቱ እንደ ወፍጮ ዞረበት፤ ለትንሽ ጊዜ እሱ ይሁን አገሩ የተገለበጠው አላወቀም። ቆይቶ ገባው። የድሮው ቤት በር ወደ ዞብል ነበር፤ አልጋ ላይ ፀሐይ ካረፈ ጠዋት ነው፣ ሌላ ሰዓት የለም። አዲሱ በር የሚያስገባው የማታዋን ፀሐይ ብቻ ነው። በሩን በገዛ እጁ ያዞረው ደግሞ እሱ ነው።

በማግስቱ በዞብል በኩል ያለውን ግድግዳ መለካት ጀመረ።

«መስኮት አይበቃም?» አለች ታንጉት።

«አባባ የሚሄዱት ብርሃን ወደመጣበት ነው። መስኮት ካደረግሁት በግንባራቸው ሊወጡ ነው።»

ጭቃው እንዳይረግፍ ማገሩን በመጥረቢያ ሳይሆን በመጋዝ ቆረጠ፤ የጣራውን ጫና የሚሸከም ጉበን አስገባ፣ የአዲሱን በር መቃን አቆመ። የመንገዱን በር ከምሳ በኋላ እንዲዘጋ አደረገ።

ከማሉዲን ሰምቶ መጣ። «የጓሮ በር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዚህ ዘመን። ወንበዴ ሊያስወጣበት ነው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ለአባቴ ነው፤ ታውቃቸዋለህ።»

«አባትህን እኔ አውቃለሁ። እነሱ የሚያውቁት በሩን ነው። ሐሙስ ከአውራጃ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ድፈነው። ያለዚያ ሁለታችንም መታሰራችን ነው።»

ታረቀኝ ጭቃ አቦካ። አቡክቶም ተወው፤ ምክንያቱም አያ ይሁኔ ያን ጠዋት ገና ፀሐይ ስትወጣ ተነስተው በአዲሱ በር ወጥተው ነበር። ከጓሮው የጎረቤት ማሽላ ይጀምራል። ቅጠሉን ዳበሱ፣ «ደህና ነው፣ ወፍ አልነካውም» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ሞቁ። ከሰዓት ቤቱ ሲጨልም ተኙ። ጎሊና ሲሞላ እሳቸው እያንኮራፉ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከማሉዲን ድፍኑን ሊያይ መጣ። በሩ እንደተከፈተ ነው። ከአያ ይሁኔ ጎን የራሱ እናት እማማ አሚና መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ ሰው ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፀሐይ እሞቃለሁ። ወላሂ ያንተ ቤት ጠዋት የለውም።»

ከማሉዲን የተቦካውን ጭቃ አየ፣ እናቱን አየ። «በአገዳ ሸፍነው» አለ ወደ ታረቀኝ ሳይዞር። «ከታየ እኔ አላየሁም ነው የምለው፤ በኋላ እንዳትቀየመኝ።» ሐሙስ የመጡት ሰዎች መስመሩን ከመኪናቸው ሳይወርዱ አይተው አለፉ።

የአያ ይሁኔ ቀን ተስተካከለ። ታረቀኝ ግን አዲስ ጭንቅ ገባው፤ አባቱ በሐሳባቸው ያሉት አሮጌው ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ ማታለል አባትን መጦር ነው ወይስ ግፍ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «አባባ» አለ፣ «እዚህ እኮ ሮቢት ነው። ጎሊናን ተሻግረን ነው የመጣነው። የድሮው ቤት የለም።»

አያ ይሁኔ ከአልጋው ቀና አሉ። ከዚያ ታንጉትን ጠርተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ባልሽ ቦታ ተደናግሮታል። እንዳትቆጪው፣ ይመለስለታል። ብቻ በዚህ ሰዓት ብቻውን አትልቀቂው፤ ወንዙ ይሞላል።»

ታንጉት ፊቷን አዞረች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልታየም። አያ ይሁኔ በዳበሳ የታረቀኝን ሸሚዝ ጫፍ አግኝተው ጨበጡት። እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላም አልለቀቁትም።