እሳቱ እስኪከስም ድረስ

ልጅ ሳለሁ፣ ጎጃም ውስጥ በምትገኘው መንደራችን፣ የተረቱን ርዝመት የሚወስነው እንጨቱ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ወንድሜንና እኔን ያሳደገችን አክስታችን ጥሩዬ ናት። ማታ ማታ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ምድጃዋ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ላምባ ስለማይገኝ ኩራዙ የሚለኮሰው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ የእኛ ብርሃን ፍሙ ነው። ያኔ ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይረጥባል፣ ኩበቱ ይጨሳል፣ አክስቴም ዓይኗን ጨፍና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ስለ ብልጧ ፍየልና ስለ ጅቡ ትተርታለች። ልክ ጅቡ በሩን ሲገፋ ፍሙ ይከስማል።

«በሉ ተኙ፤ የነገውን እንጨት ዛሬ አንፈጅም» ትለናለች። መጨረሻውን እያንዳንዳችን በጨለማ ፈጥረን እንተኛለን።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣን ከዓመታት በኋላ፣ ኮቪድ ገና ሳይለቀን፣ ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ሰማን። ሐኪሙ «ከጭስ ራቂ» ብሏት ነበር። ከገዛ ቤቷ ወዴት ትራቅ? ትራክ የሚነዳው ወንድሜ ተስፋ ከመንገድ ላይ ኮል አደረገልኝና «ሶላር እናስገባላት» አለኝ። እሷ ግን እምቢ አለች።

«ፀሐይን ማታ ማን አይቷት ያውቃል?»

«አንቺ ታያታለሽ፣ አክስቴ» አላት ተስፋ።

በስንት ልመና እሺ አለች። ባህር ዳር ያለው የአጎታችን ልጅ ሶላሩን ቆርቆሮዋ ላይ ገጠመላት፤ ጭሱን በጣራ የሚያወጣ ምድጃም ሠራላት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እዚያ መሽቶ ሳለ፣ ሞርስ ሮድ አጠገብ ካለው አፓርታማችን በቪዲዮ ደወልኩ። ልጄ ሃና አጠገቤ ነበረች። ስልኩ ሲከፈት ቤቱ ቀን መሰለኝ። ልጆች ሞልተውታል፤ አንዳንዶቹ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አክስቴ መካከላቸው ተቀምጣ ዓይኗን ገልጣ፣ እያንዳንዳቸውን እያየች ትተርታለች። ፍየሏ ጅቡን ገደል ስትከተው ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አጌን!» አለች ሃና።

«ምን አለች?»

«ድገሚልኝ ነው የምትልሽ።»

«እደግማለሁ» አለች አክስቴ ቀና ብላ። «ዛሬ የምንተኛው እኛ ሲበቃን ነው።»

ከእነዚያ ማታዎች በውስጤ የቀረው ጭሱ ሳይሆን እሷ ናት። በእፍኝ ፍም ያን ሁሉ ልጅ ሰብስባ ታመሽ የነበረችውን ሴት ጨለማውን አሸንፋ አየኋት። የዚያን ቀን ማታ ሃናን ላስተኛት ስገባ፣ የፍየሏን ተረት በእንግሊዝኛ ለአሻንጉሊቷ እየተረተችላት ነበር።